ቀማሿ ድንቢጥ

ተረት ተረት ስላችሁ «የወፍ ቤት» በሉኝ። ጮክ አድርጋችሁ! ምሳ አልበላችሁም እንዴ?

ድሮ ድሮ፣ ወፍ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ ጢኒት የምትባል ድንቢጥ ነበረች። ወገኖቿ ክረምቱን በየሰው ጓሮ ይከርማሉ። ውርጭ ሊገባ ሲል አንድ ትልቅ ወይራ ላይ ይሰበሰቡና ገደሉን አብረው ተሻግረው ቆላ ይወርዳሉ። ለብቻው የሞከረ የጭላት እራት ነው።

ታዲያ ከመንገድ በፊት መብላት አለ። መንጋው ግን እህል ላይ ዝም ብሎ አያርፍም፤ ደንብ አለው። አስቀድሞ ቀማሽ ይልካል። ቀማሿ ወርዳ ትቀምሳለች። ደኅና ከሆነ «ጭር! ጭር!» ትላለች፤ ያኔ ሁሉም ይወርዳል። የዚያን ዓመት ቀማሿ ጢኒት ነበረች።

ጢኒት አያ ጎሹ ማሽላ ውስጥ ወረደች። አያ ጎሹ እንኳን ለወፍ ለጎረቤቱም የማይራራ ገበሬ ነው። እማሳው ጥግ ላይ ተፈልፍሎ የተከመረ ፍሬ አየች። መጥራት ነበረባት። አልጠራችም። «መጀመሪያ እኔ ልጥገብ» አለች። በላች፣ በላች፣ በላች። ከፍሬው ሥር የተደበቀው የክር ወጥመድ እግሯን ቀጨም አድርጎ ያዛት።

አያ ጎሹ ከማማው ወረደ።

«መረብ ሰቅያለሁ። ጥሪያቸው፤ ክሩን እበጥስልሻለሁ» አላት።

«ኧረ ወገኖቼ ናቸው!»

«እንግዲያስ ውርጩ እዚሁ ያግኝሽ።»

ጢኒት ውርጩን ፈራች። ጠራች። ጭር! ጭር!

ችኩሎቹ ወጣቶች ወረዱ። መረቡ ወደቀባቸው። አያ ጎሹ አንገታቸውን እየጠመዘዘ ቅርጫት ውስጥ ጨመራቸው።

«ክሩን በጥስልኝ» አለች።

«ገና ነው» አላት።

በማግስቱ ጠራች። ጭር! ጭር! እናቶች ልጆቻቸውን ፍለጋ መጡ።

«ጢኒትዬ፣ ልጆቼን አይተሻቸዋል?» አለቻት የገዛ እህቷ።

«እዚህ ናቸው፣ እየበሉ ነው። ውረጂ።»

እህቷ ወረደች። መረቡ ወደቀ።

«ክሩን!» አለች ጢኒት።

«ገና ነው።»

በሦስተኛው ቀን ጠራች። የተረፉትን እየመራ አባ ሽበቶ መጣ፤ የመንጋው ሽማግሌ ነው። አላረፈም፣ ከላይ እየዞረ ጠየቃት።

«ጢኒት፣ ቀመስሽው?»

«ቀመስኩት!»

«ይጣፍጣል?»

«ማር ነው!»

«እንግዲያ ብድግ በይና አንቺው ምሪን።»

ጢኒት ክንፏን አራገበች። ክሩ መለሳት። ሽማግሌው ገባው።

«ልጆቼ፣ ሽሹ! የጠራችን ለሞት ነው» አለ።

እየተላቀሱ ወደ ቆላ ተመሙ። አያ ጎሹ መረቡን ይዞ ቀረ። ተናደደና «ከእንግዲህ ምን ትሠሪልኛለሽ!» ብሎ ክሩን በጠሰ። ቃሉን ጠበቀ ማለት ነው፣ ያው!

ጢኒት ወደ ወይራው በረረች። ወይራው ባዶ ነው። ጠራች፤ ማንም አልመለሰላት። ወደ ገደሉ ብትሄድ ጭላት ያንዣብባል። ተመልሳ ቅርንጫፍ ላይ ተኮራመተች። ድንቢጦች ሲበርዳቸው ተጠጋግተው ነው የሚያድሩት፤ እሷ በግራዋም በቀኟም ማንም የለም። እህቷ ትዝ አለቻትና አምርራ አለቀሰች። ሲነጋ የክሩ ቁራጭ እግሯ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀርታለች።

አያ ጎሹስ? በዓመቱ ተምች ወረደበት። ተምቹን የሚለቅም ወፍ አልነበረም። ማማው ላይ ተቀምጦ ማሽላው ሲያልቅ አየ። ይበለው! ለጢኒት ግን ምን ይፈይዳል?

አበው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ያሉት ወደው አይደለም። በሉ እንግዲህ፣ ያቺን ቆሎ ወዲህ አዙሯት። ሁላችሁም ዝገኑ።