«አይደለም» የማትለው ጠላ ሻጭ

አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ያሏትን ሁሉ «አዎን» ብላ ትቀበልና ከራሷ ትጨምርበታለች እንጂ «አይደለም» የሚል ቃል ካፏ አይወጣም። ይህን የሰሙት ፊታውራሪ ወንድይራድ ሊያስክዷት ፈልገው፣ በቅሎ የጠፋባቸው ዳኛ በተጋበዙበት ግብር ላይ አስጠሯት።

«የዳኛውን በቅሎ የሰረቅሽው አንቺ ነሽ!» አሏት።

ሴትዮዋ ከካደች መሳቂያ ልትሆን፣ ካመነች ልትገረፍ ነው። ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«አዎን ጌታዬ፣ እኔ ነኝ። ልጓሟን ይዘው ከግቢ ያስወጡልኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ዳኛው ወደ ፊታውራሪው ዞር አሉ። ፊታውራሪው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ውሸት ነው! ውሸት!» እያሉ ጮሁ።

«አዎን ጌታዬ፣ ውሸት ነው» አለች፤ «ያውም ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ።»