ለሸንበቆ ባል ፍለጋ

ኪ ኪ ኪ… ቆዩ እስቲ፣ ሳቄ ይውጣልኝ። መፋቂያው በመጨረሻ ያላት ነገር እኮ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። እሱን ወደ ኋላ ትሰሙታላችሁ፤ አሁን ጠጋ ጠጋ በሉና ተረቴን ተቀበሉኝ።

ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ በነበረው ጊዜ፣ እትዬ ገብስማ የምትባል ዶሮ ነበረች። ጎረቤቷ ሸንበቆ ደግሞ ከባለ ክንፍ ነፍሳት አንዷ ናት፤ ክንፏን ካጠፈች ከደረቅ እንጨት አትለይም፣ የተጠጋት ካለም ድርቅ ብላ ቃል አትተነፍስም። ዘመዶቿ የሚኖሩበት የእንጆሪ አጥር ተቃጠለና እሷ ብቻ ቀረች። ገብስማ «እኔ እያለሁማ ዘርሽ አይጠፋም» ብላ ቅርጫት ውስጥ አስገባቻት። ጠዋት ጠዋት የእንጆሪ ቅጠል ታቀርብላታለች፣ በምንቃሯ ውሃ ታርከፈክፍላታለች።

ግን ባል ከየት ይምጣ?

ገብስማ ወጣች፣ ቀጠን ያለ ሙሽራ ይዛ ገባች። ቀኑን ሙሉ ብታጫውተው ዝም። ለካ ጭራሮ ኖሯል። ወጣች፣ ሌላ ይዛ ገባች። እሱስ ተናገረ፤ የመጥረጊያ ስንጥር መሆኑን ነግሯት ወደ ወንድሞቹ ሄደ። አሁንም ወጣች፣ ጫፉ የተንጨባረረ መፋቂያ ይዛ ገባች። መፋቂያው ለምን እንደተጠራ አልገባውም፤ ቢሆንም አክብረውኛል ብሎ ተቀመጠ።

ገብስማን ግራ ያጋባት ሌላም ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ የማታውቀው ጥቁር ፍሬ ተበትኗል። ሸንበቆን ጠየቀቻት፤ ሸንበቆ ድርቅ። መፋቂያውን ጠየቀችው፤ እሱም አያውቅም። እንግዲያው ልቅመሰው ብላ አንገቷን ዘረጋች።

ይሄኔ ሸንበቆ ክንፏን ብርግድ አድርጋ ከፈተችው። ውስጡ ቦግ ያለ ቀይ። ገብስማ በጀርባዋ ወደቀች።

«እትዬ፣ ልጆቼን አትብዪብኝ።»

«የምን ልጆች?»

«እንቁላሎቼ ናቸው።»

ገብስማ ጭንቅላቷ ዞረባት። እንቁላል እንዲህ ያንሳል? ልታቀፋቸው ብትነሳ ሸንበቆ ጨፍልቀሽ ትፈጂያቸዋለሽ፣ እርጥብ ቅጠል ብቻ አልብሺልኝ ብላ ለመነቻት። አለበሰቻቸው። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ተስፋ ቆረጠች። ክረምቱ ሲገባ ክር የሚያካክሉ ልጆች ከየፍሬው እየተሳቡ ወጡ፤ ቁርጥ እናታቸውን።

ገብስማ እልል አለችና መሀል ላይ አቆመች። አባትየውስ? ሸንበቆ እኛ ያለ ባልም እንወልዳለን ብትላት አልዋጥ አላት። ጭራሮውን አየችው፤ እንደተጋደመ ነው። ስንጥሩ ከሄደ ቆይቷል። ዓይኗን ቀስ ብላ ወደ መፋቂያው አዞረች።

መፋቂያው ብድግ አለ።

«እኔን ምን ታይኛለሽ እትዬ? እኔ የማውቀው ጥርስ መፋቅ ነው።»