ደብሪቱ ትታ የሄደቻት ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ወንዙ ደርቆ ሰውም ከብትም ከአንድ ኩሬ በሚጠጣበት በጋ፣ ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ኮሌራ ያዛት። ካገሩ ሰው ግማሹ ቡዳ ነው አለ፣ ግማሹ ምች። የጤና ሠራተኛዋ፣ «በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው፤ ከዐይነ ምድር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሻገራል» ብትል፣ «ያላየሁትን አልፈራም» ባዩ በዛ። እግዜርንስ አይቶት ነው የሚፈራው?

ደብሪቱ ገና ከእናቷ እጅ የምትጎርስ ታንጉት የምትባል ልጅ ነበረቻት።

የሟች ባሏ እህት እማዋይሽ፣ ጎረቤት ነበረችና፣ ትውከቱ እንደጀመረ ልጅቷን ነጥቃ ቤቷን ዘጋች። ውሃ እያፈላች አጠጣቻት፤ ማንንም አላስገባችም። ደብሪቱ ከግድግዳው ማዶ፣ «እማዋዬ፣ በናትሽ ከሩቅ አሳይኝ፤ አልነካትም» አለች።

«ስትድኚ ታያታለሽ።»

አልዳነችም። ልጅቷን ግን ምንም አልነካትም።

የደብሪቱ እህት ይርገዱ ሌላው ሲሸሽ ከአልጋዋ አልተለየችም። ጨውና ስኳር በጥብጣ አጠጣቻት፤ ደብሪቱ የሞተችው እቅፏ ላይ ነው። የጤና ሠራተኛዋ፣ «ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጓንት አድርገን እኛ እንገንዛት» ብትል፣ «ዘመድ የሌላት አደረጋችኋት? እኔ እያለሁ ባዕድ አያጥባትም!» ብላ አጥባ ገነዘቻት። ከዚያ እጇን በኩሬው ውሃ ለቅለቅ አድርጋ፣ እንደ ወጉ ለለቀስተኛው ንፍሮ ታዘግን ጀመር። ንፍሮውስ በደንብ ተቀቅሏል። ያልተቀቀለው እጇ ነው።

የታንጉት ክርስትና እናት ብርቄ ለቅሶ ስትደርስ ንፍሮው ተጋምሷል። ሰፌዱን ነጥቃ አመድ ላይ ደፋችው። «ተነሱ! እየቤታችሁ ግቡ! በሳሙና ሳትታጠቡ አፋችሁን እንዳትነኩ!»

«አንቺ እርጉም! የሙት ንፍሮ ትደፊያለሽ?» አለ የእድሩ ዳኛ።

ብርቄ ድንኳኑን ነቀለች፤ ሰዉ ሩቁን ምንጭ ወርዶ እንዲቀዳ የኩሬውን መንገድ በእሾህ አጠረች። ለደብሪቱ ሙሾ ሳይወርድላት ቀረ።

ንፍሮውን ከቀመሱት ብዙዎች ታመሙ፤ ከሞቱት አንዱ የይርገዱ አንድያ ልጅ ነው። ያልደረሳቸው ተረፉ። የተረፉት ግን ብርቄን ከእድር አስወጧት፤ ዛሬ ደጇን የሚረግጥ የለም። እሷ ዘንድ የሚያድግ ልጅም አብሯት ይገለላል።

ሦስቱም ሴቶች «ታንጉትን እኔ ላሳድግ» ቢሉ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። እማዋይሽ፣ «እኔ ባልነጥቃት የምትከራከሩባት ልጅ አትኖርም ነበር» አለች። ብርቄ፣ «እኔ ባልደፋው እናንተም ለሽምግልና አትቀመጡም ነበር» አለች። ይርገዱም እንዲህ አለች፦ «ስታድግ ‹እናቴ እንዴት ሞተች?› ትላለች። ከኔ በቀር አብሯት የነበረ ማን አለ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ለሌላ ቀን ቀጠሩ። እነሱ ቀጠሮ አያልቅባቸውም፤ ልጅ ግን በቀጠሮ አያድግም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ለሞት በር ዘግታ ልጅቷን ያተረፈችው፣ ሟችን አቅፋ የሸኘችው፣ ወይስ ተረግማ አገር ያዳነችው? ታንጉት ለማናቸው ትገባለች?