የትኬቱን ጀርባ የበላው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ገደል ወርደው ገደል መውጣት ታክቷቸው በአሞሮች ጀርባ መሻገር በጀመሩበት ዘመን፣ ሆዱ ከጭንቅላቱ የሚቀድም አንድ ጅብ ነበር። ይህ አያ ጅቦ ከገደሉ ማዶ እንኮዬ የምትባል እህት ነበረችው። እንኮዬ እሑድ ልትዳር ነውና ከሳምንት በፊት ላከችበት። በጅቦች ወግ ሙሽራን ከጎሬዋ ተሸክሞ የሚያወጣት ወንድሟ ነው። ተሸካሚ ያጣች ሙሽራ አትወጣም፣ ሰርጉም ይፈርሳል። ሙሽራ ተሸክሞ ባወጣ ሁሉ ላይ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ የትኛውም ጅብ ጥርሱን አያሳርፍበትም። ምስኪኗ እንኮዬ ከዚህ ሆዳም በቀር ሌላ ወንድም አልነበራትም።

ትኬት የሚቆርጠው ቀበሮ ነው፤ ቢሮው አንድ ዋንዛ ሥር ነበር። በዋንዛው ጥላ ውስጥ መበላላት ክልክል ስለሆነ አህያ ከጅብ ፊት ተሰልፎ ቆሟል። ማዶ ላሉት በጎች ጨው ሊያደርስ ነው። ርካሹን ትኬት ጠየቀ። ቀበሮም ይህኛው ቀኑ እንደማይቀየር፣ ሳይሄድ ቢቀርም የከፈለው እንደማይመለስለት ነገረው። አህያ ደንቡን ሁለት ጊዜ አስነበበና ለቅዳሜ አስቆርጦ፣ አንድ አሞሌ ጨው ከፍሎ ሄደ። ጅቡ ከኋላው ሳቀበት። ሲመለስ እበላዋለሁ ብሎም በልቡ ያዘው።

«ለእኔ ዓይነቱ ትልቅ ሰው ምን አለህ?» አለ።

«ተለዋዋጭ ትኬት አለኝ፣ አያ ጅቦ» አለ ቀበሮ። «ቀኑን እንደፈለጉ ይቀይሩታል። ካልሄዱም አጥንትዎ ይመለስልዎታል። ዝርዝሩ ከጀርባው ተጽፏል።»

ዋጋው አሥራ ሁለት አጥንት ነበር። ጅቡ አጥንቱን የሚያስቀምጠው ጦጣ ዘንድ ነው፤ እሷም ከቀንድ የተቀረጸ ካርድ ሰጥታዋለች። በካርዱ በከፈለ ቁጥር ጦጣ አንድ አጥንት ለራሷ ታስቀራለች። ይህንንም ካርዱን ስትሰጠው ነግራዋለች፤ እሱ ግን ያን ጊዜ ዓይኑ ጎተራዋ ውስጥ በተከመረው የሌሎች አጥንት ላይ ነበር። እናም ካስቀመጠው ሃያ አጥንት አሥራ ሦስቱ ሄደ፣ ሰባት ቀረው።

ቀበሮ ትኬት የሚጽፈው በበግ ቁርበት ላይ ነው። ደንቡን ደግሞ ስቡ ባልተፋቀበት በኩል ይጽፈዋል። ለምን ብዬ ብጠይቀው ቦታው ስለሚሰፋኝ ነው አለኝ፤ ውሸታም። አያ ጅቦ ቁርበት በአፉ ይዞ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ይችላል? መጀመሪያ ላስ አደረገው። ቀጥሎ ዳር ዳሩን ቀመሰው። ጎሬው ሲደርስ የጀርባውን ስብ ከነጽሑፉ ግጦ ጨርሶ፣ «ተለዋዋጭ» የሚለው ፊቱ ብቻ ቀርቶት ነበር። እሱን ደጋግሞ እያየ ደስ አለው።

ጉዞው ለማክሰኞ ነበር። ሰኞ ዕለት ቆላ ውስጥ በሬ ገደል ገባ ሲባል ሰማና ወደ ቀበሮ ሮጦ ወደ ሐሙስ አስቀየረው። የሐሙስ ዋጋ ስለሚበልጥ ልዩነቱ ሁለት አጥንት፣ ለካርዱ አንድ። በሬው ጋ ሲደርስ ቀንዱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሐሙስ ማለዳ ደግሞ ግመል ሞቷል አሉት፤ ወደ ቅዳሜ አስቀየረ። ልዩነቱ ሦስት፣ ለካርዱ አንድ። ግመሉ ለካ ተኝቶ ኖሯል፤ በእርግጫ መትቶ ሸኘው። ይህ ሁሉ ሲሆን ስንት ተቆረጠብኝ ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም። ተለዋዋጭ ነዋ!

ቅዳሜ አንበሳ ጎሽ ጣለ ተባለ። ጅቡ ትራፊ እጠብቃለሁ ብሎ እዚያ ተጎልቶ ሲቀር አሞሮቹ አህያን ይዘው ተነሱ። ከሰዓት በኋላ እየተጎተተ ዋንዛው ሥር ደረሰና ነገ ጠዋት ውሰዱኝ አለ። ቀበሮም ቀን የሚቀየረው አሞሮቹ ከመነሳታቸው በፊት ለተናገረ ብቻ እንደሆነ፣ አሁን አዲስ ትኬት መግዛት እንዳለበት አስረዳው። ካርዱ ሲታይ ባዶ ነው። እንግዲያው አጥንቴን መልስልኝ አለ። ቀበሮ ይህም ቢሆን ከመነሻው በፊት መጠየቅ እንደነበረበት ነገረው፤ ማለዳ መጥቶ ቢሆን የትኬቱ ይመለስለት ነበር፣ ጦጣ ያስቀረችው ግን ያኔም አይመለስም።

«ይህ ሁሉ የት ተጽፏል?» አለ ጅቡ።

«ትኬትዎ ጀርባ ላይ።»

ገለበጠው። የራሱ ጥርስ ምልክት ብቻ ነበር።

«አላነበብኩትማ» አለ በመጨረሻ።

«በልተውታላ» አለ ቀበሮ፣ ቀጣዩንም ጠራ።

እሑድ ጅቡ የገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ የሰርጉን ከበሮ ከማዶ ሰማ። ያለ እኔ ማን አወጣት እያለ አለቀሰ። ማልቀሱ እውነተኛ ነበር፣ አልክድም፤ ግን ሲያለቅስም ከትኬቱ የቀረውን ያኝክ ነበር።

ማክሰኞ አህያ ተመለሰ። ጅቡ ከዋንዛው ጥላ ወጣ ብሎ አድፍጦ ጠበቀውና ዘሎ ፊቱ ቆመ። አህያ ግን አልሸሸም። አንገቱ ላይ የሙሽራ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

«እንኮዬ ሰላም ብላሃለች» አለው። «ማዶ ያሉት ዘመዶችህ ይዘው ሊበሉኝ ነበር። እሷ ግን ጎሬዋ ውስጥ ተሸካሚ አጥታ ስታለቅስ ሽማግሌዎቹ ጀርባዬን አዩት። ተሸክሜ አወጣኋት። ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ አንተ ነህ ብላኛለች።»

ጅቡ የተከፈተ አፉን ቀስ ብሎ ዘጋ። ምራቁን ውጦ ከመንገዱ ዞር አለ፣ አህያውም ጭራውን እያወናጨፈ አለፈው።

ከዚህ የምንማረው፣ እንደፈለጋችሁ ቀይሩት የሚሉትን ትኬት ሲሸጡልን እስከ መቼ እንደሚቀየር፣ ስንቱ እንደሚመለስና ካርዱ ስንት እንደሚያስቀር የተጻፈበትን ጀርባውን ሳናነብ ሆዳችንን ብቻ ተከትለን የሄድን እንደሆነ፣ ቦታችንን አህያ እንደሚወስድብን ነው።