ዘጠኝ ቀን የተሸከመው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ አዳማ ውስጥ የእህል መጋዘን ዘበኛ። መኪና ሲመጣ በር ይከፍታል፣ መኪና ሲወጣ ይዘጋል። ስሙ ዘርጋው ነው። በር የሚከፍትላቸው ሰዎች አሥራ ሰባት ዓመት ወታደር እንደነበረ አያውቁም። እሱም አይነግራቸውም።

ለምን አይነግራቸውም? ላጫውታችሁ።

ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ የጦር ክፍሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ሁንዴ የሚባል ጓደኛው ጉልበቱን ተመታ። ሌላው ሁሉ አልፎት ሄደ። ዘርጋው ተመለሰና አነሳው። ዘጠኝ ቀን በጀርባው አዝሎት ተጓዘ። ሐኪም ቤት አስረክቦት ክፍሉን ፍለጋ ቢወጣ፣ ክፍሉ ተበትኖ ጠበቀው።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ግን ስም ተጠርቶ ነበር። ዘርጋው የለም። ከስሙ ጎን «ከድቷል» ተብሎ ተጻፈ።

ወገኖቼ፣ ሁንዴ ቁስለኛ ነውና ጡረታ ተቆረጠለት። የተሸከመው ሰው ጡረታውን ሊጠይቅ ሲሄድ ግን ጸሐፊዋ መዝገቡን አይታ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከድተዋል ነው የሚለው። ለከዳ ሰው አይሰጥም» አለችው።

«ሰው ተሸክሜ ነው የቀረሁት፣ እህቴ።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«ማስረጃዬ ሰውየው ራሱ ነበር። ይኑር ይሙት አላውቅም።»

ወጣ። ተመልሶም አልሄደ። ለባለቤቱ ለጥሩነሽ «ፋይሌ ጠፍቷል አሉኝ» አላት። «ከድቷል» የምትለዋን ቃል ይዞ ቤቱ መግባት አቃተው። ዘበኝነት ተቀጠረ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው በር ላይ ቆመ።

አንድ ቀን ክራንች የያዘ ሰው እህል ሊያስጭን መጣ። ዘበኛውን ትክ ብሎ አየው።

«ዘርጋው ነህ?»

ሁንዴ ነበር። ተቃቅፈው አለቀሱ። ዕንባቸውን ከጠረጉ በኋላ ሁንዴ፣ «ጡረታህን እዚሁ ነው የምትቀበለው?» አለው።

«ተወው እሱን። ስንት ልጆች አሉህ?»

«ጡረታህን ነው የጠየቅሁህ።»

ነገረው። ሁንዴ እዚያው ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ያንተን ጀርባ ነዋ የበላሁት» አለ።

«የደምህን ነው የበላኸው። አይቆጭህ» አለው ዘርጋው።

ሁንዴን ግን ቆጨው። ሰኞ ጠዋት ዘርጋውን ይዞት ወደዚያ የጡረታ ቢሮ ሄደና ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳየ። «አንድ ምስክር አይበቃም፣ ሦስት ያስፈልጋል» አሏቸው። ያ አንካሳ ሰው አራት ወር ዞረ። አንዱን የክፍላቸውን ሰው መቂ፣ ሌላውን ሻሸመኔ አገኘ። ሦስት ሽማግሌዎች ቀርበው መሰከሩ፤ መዝገቡ ታረመ።

የአሥራ ዘጠኙን ዓመት ማንም አልከፈለውም። ጡረታው የጀመረው ከዚያ ወር ነው። ይህን የምነግራችሁ ሁሉም ነገር ተካሰ ብላችሁ ወደ ቤታችሁ እንዳትሄዱ ነው። አልተካሰም።

ዘርጋው ግን መዝገቡ ሲታረም የሰጡትን ወረቀት ለጥሩነሽ ሰጣትና «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ» አላት። «በክብር ያገለገለ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇን ያዘ። «እንደገና» አላት። ሦስት ጊዜ አነበበችለት።

ወገኖቼ፣ ሁንዴ ምን አጠፋ? ምንም። የማንንም እንጀራ አልነጠቀም። ነገሩን ሲሰማ ግን «አይ፣ ያሳዝናል» ብሎ እህሉን አስጭኖ አልሄደም። እኛስ? እናንተስ? ዛሬ በሰላም የቆማችሁት ማን ተሸክሟችሁ ነው? ያ ሰው አሁን በማን በር ላይ ቆሟል?

ከጠረጴዛ ኋላ የምትቀመጡ አላችሁ። ነገ አንድ ሽማግሌ ፊታችሁ ሲቆም፣ መዝገቡን ከማንበባችሁ በፊት ወንበር ስጡትና «እስኪ ያጫውቱኝ» በሉት። ቢሮ የሌለንም እግር አለን። አብረነው እንሂድ።