ደፉን የማይረግጠው መክት

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ምነው፣ እራት አልበላችሁም እንዴ? እንደገና! ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ፣ በሩን መለስ አድርጊው፣ ብርድ ገባ። አንተ ደግሞ ውሻውን በእግርህ አትግፋው። የዛሬው ተረት ስለ ወገኑ ነው፣ እሱም ይስማ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሙሽራ ነበረች። ወንዝ ተሻግራ፣ ዘመድ ከሌለበት አገር ነው የተዳረችው። ሚዜዎቹ በበቅሎ ይዘዋት ሲሄዱ የአባቷ ውሻ ከኋላ ተከተለ። ጥጃ የሚያህል ውሻ ነው፤ ስሙ መክት ይባላል። በድንጋይ መለሱት፣ አልመለስ አለ። ወንዙንም ዋኝቶ ተሻገረ። አንጓች እንባዋን ጠረገችና፦

«ተዉት፣ ይምጣ። ከወገን አንድ እንኳ ይኑረኝ» አለች።

ባሏ ፈንቴ ይባላል። ጎበዝ ገበሬ ነው፣ ክፉም አልነበረም። ብቻ እዩኝ እዩኝ ይወዳል። ከእናቱ ከእማዋይሽ ጋር ሦስቱም በአሮጌ ጎጆ ይኖሩ ነበርና ክረምቱ ሲወጣ አዲስ ቤት ሠራ። ቤቱስ ደህና፣ ጉዱ ወለሉ ላይ ነው። ፈንቴ አንድ ጊዜ ባላባቱ ዘንድ ግብር በልቶ፣ አዳራሹ በድንጋይ ተነጥፎ አይቷል። ከዚያ ወዲያ ልቡ አላረፈም። ደቦ ጠራ። ጎረቤቱ ሁሉ ወንዝ ወረደና ውኃ ያለሰለሰውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሞ ወጣ፣ አነጠፈለት። ከዚያም እማዋይሽ ሰም አቅልጣ በጨርቅ አሸችው። ምን ልበላችሁ፣ ፊት ያሳያል! የመንደሩ ሰው የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ፦

«ኧረ እግራችንን ታጥበን እንግባ!» አለ። ፈንቴም ደረቱን ነፋ።

የቤቱ ምርቃት ቀን ሰው ሁሉ ውጭ ዳስ ውስጥ ይበላል ይጠጣል። መክት ብቻውን ቀድሞ ወደ ቤት ገባ። ምን እንዳገኘው ማንም አላየም። አንድ ጩኸት ብቻ ተሰማ፤ ከዚያም መክት እያነከሰ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደፉን አልረግጥም አለ። ሥጋ ቢያሳዩት ለሃጩን እያዝረበረበ ደጅ ይቆማል። ቢጎትቱት አራት እግሩን ይተክላል። አንጓች ብትጠራው አንገቱን ሰብሮ ያለቅሳል እንጂ አይገባም።

እማዋይሽ አማተበችና፦

«ውሻ ሰው የማያየውን ያያል። እዚህ ቤት የሰፈረ ነገር አለ» አለች።

ወሬው መንደሩን ሞላው። ቡና ጠጡ ሲባል ሰው ምክንያት ያበዛ ጀመር። ፈንቴ ፊቱ ጠቆረ፦

«ደጅ ቆሞ የሚያዋርደኝ ይህ ውሻ ነው። ቅዳሜ ወደ ቆላ የሚወርዱ ነጋዴዎች ያልፋሉ፣ ለሰፈራቸው ጠባቂ ይፈልጋሉ። ለእነሱ እሰጠዋለሁ» አለ።

መክት ከሄደ ያቺ አገር ለአንጓች ባዶ ልትሆን ነው። ግን አልጮኸችም። እሷኮ ነገር ካላወቀች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነች። ልጅ ሳለች ጉንዳን የት እንደሚገባ ልይ ብላ ስትከተል ውላ፣ ከብቱ የሰው እህል ጨርሶ አባቷ የገረፏት ናት። አሁንም፦

«ግን ምን አይቶ ነው?» አለች።

ነገሩን ለማወቅ መክትን ትከተለው ጀመር። አሮጌው ጎጆ ይገባል። ከፍየሎቹ ጋር ጋጣ ይገባል። ጎረቤት ቤትማ ሳይጠሩት ነው የሚገባው፣ ቀላዋጭ! እንግዲህ የፈራው ቤት አይደለም። ያን ሰሞን ጤፍ ይወቃ ነበርና ለወቂዎቹ ምሳ ይዛ አውድማ ወጣች። ከጭዱ ሥር አንዲት አይጥ ዘለለች። መክት ተወረወረ። አይጧ ስትታጠፍ ይታጠፋል፣ ስትቆም ይቆማል።

«ይኼ ውሻ ያነክስ የለም እንዴ?» አለችና በርከክ ብላ አውድማውን ዳሰሰችው። እበት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጭድ ነው። ይሻክራል።

ሮጣ ቤት ገባችና ድንጋዩን ዳሰሰች። ደግሞ ተመልሳ የመክትን እግር አንስታ አየች። መዳፉ ልስልስ፣ በጣቶቹ መካከል ጠጉር፣ ጥፍሩም ረዥም። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ድንጋዩ ላይ በአራት እግሯ ሆነች! በጥፍሯ ልቧጥጥ፣ እንደ ውሻ ልታጠፍ ብላ ስትዞር እጇ ከዳትና በአገጯ ዘጭ አለች። ይኸኔ እማዋይሽ ገባች።

«በስመ አብ! ተሻገረባት! ፈንቴ! ኧረ ፈንቴ፣ ሚስትህንም ያዛት!»

አትሳቁ፣ እናንተም ብትሆኑ ትጮሁ ነበር። አንጓች አገጯን ይዛ ተነሣች፦

«እማማ፣ ምንም አልያዘኝ። የሰፈረ ነገር የለም። መክትን የጣለው ይህ ድንጋይ ነው።»

«እኛን ለምን አልጣለንም?»

«እኛ ቀስ ብለን ነው የምንረግጠው። እሱ ግዙፍ ነው፣ ሲሮጥና ሲዞር ያ ሁሉ ክብደት የሚቆመው በጥፍሩ ነው። ጥፍሩ የሚጨብጠው ካጣ ይወድቃል። አንዴ ወድቆ ተጎድቷል፣ ስለዚህ ፈራ።»

ፈንቴ ግን፦

«አገር የተሸከመውን ድንጋይ ለውሻ ብዬ ልነቅል ነው? ሞኝሽን ፈልጊ!» አለ።

«አትንቀል። እስከ ቅዳሜ ሌላ ንጣፍ ልሞክርበት፣ ተወኝ።»

«ድንጋዬን ካልነቀልሽ እንደ ልብሽ።»

መጀመሪያ ሰሌን አነጠፈች። መክት በልመና ወጣበት። ሰሌኑ ከነውሻው ተንሸራተተና ከጠላው ጋን ጋር ተላተመ። ከዚያም ሳንቃ ተዋሰች። ቆመበት፣ ግን የገዛ ጥፍሩ ቀጭ ቀጭ ሲል ደንግጦ ዘሎ ወጣ። ሳንቃው ተቧጨረና ባለቤቱ አኮረፈ። ቁርበት አመጣች። ቁርበቱንስ ወደደው። እንዲያውም በጣም ወደደው! በጥርሱ ጎትቶ ጓሮ ወሰደና ግማሹን በላው። ለካ የእማዋይሽ መኝታ ኖሯል። የዚያን ቀን የወረደባት ስድብ ለልጆች አይነገርም።

አርብ ሆነ። አንጓች ምርር ብሏት አውድማው ዳር ተቀምጣ ሳለ መክት መጣና እዚያው ሸካራው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተኛ። እሷም ራሷን መታች፦

«አይ እኔ! ንጣፍ ፍለጋ ስዞር ውሻው ራሱ መርጦ ሲያሳየኝ አልነበረም?»

ብድግ አለች። እበቱን፣ ጭቃውን፣ የጤፉን ጭድ አቦካች። ሰሙን በአመድና በፈላ ውኃ ፈተገችና ከደፉ እስከ ምድጃው ድረስ አንድ መንገድ በድንጋዩ ላይ ለቀለቀች። እንደ መደብ አላለሰለሰችውም። በጣቷ እየጫረች ሸካራ አድርጋ ተወችውና በሩን ከፍታ፣ እሳት አንድዳ አደረቀችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነጋዴዎቹ ደረሱ። አለቃቸው የመክትን ጥርስ አየ፣ ደረቱን ዳበሰና አንገቱ ላይ ገመድ አሰረ። አንጓች ቤት ገብታ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠችና ጠራችው፦

«መክት! ና ልጄ!»

መክት አንገቱን ከገመዱ አሾልኮ መጣ። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። አሸተተ። አንድ እግሩን አሳረፈ፣ ጠበቀ። ወለሉ አልከዳውም። ሁለተኛውን አሳረፈ። ከዚያም በዚያች መንገድ ቀጥ ብሎ ሄደና አንዴ ዞሮ፣ ራሱን የአንጓች እግር ላይ ጥሎ ተኛ።

ፈንቴ ዓይኑን አላመነም፦

«ገባ? እውነት ገባ?» ብሎ ሮጠ። ከደስታው ብዛት መንገዷን ሳተና ድንጋዩን ረገጠ። እግሩ ወደ ላይ፣ ጀርባው ወደ ታች! የነጋዴዎቹ አለቃ ገመዱን እየጠቀለለ፦

«ወንድሜ፣ ውሻው ያየውን አንተም አየኸው?» አለው።

እማዋይሽ ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ፈንቴም ወገቡን እያሸ ሳቀ፣ ምን ያድርግ! «እዩኝ እዩኝ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» የሚባለው ይኼ አይደል? ድንጋዩን በገዛ እጁ ነቅሎ አጥር ካበበት፣ ጭቃውንም ራሱ አቦካ። ቡና ጠጪውም ተመለሰ።

ሰኞ ዕለት አማትና ምራት በርከክ ብለው የቀረውን ወለል ይለቀልቃሉ። እማዋይሽ እጇን አቆመችና፦

«ልጄ፣ ለውሻው ምን ይስማማዋል ብለሽ ይህን ያህል ደከምሽ። እኔ ግን ከመጣሽ ጀምሮ አንቺን ምን ይስማማሻል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም» አለቻት።

አንጓች እጇ እበት እንደሆነ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እማዋይሽ በክንዷ ጠረገችላትና፦

«በይ ንገሪኝ፣ ጊዜ አለን» አለች።

ነገረቻት። ምን አለቻት ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም የሰማሁ እንደሆን አልናገር። መክት ግን በመካከላቸው እርጥቡ ላይ ተኝቶ ነበርና የሆዱ ምልክት ከወለሉ ሳይጠፋ ከረመ ይባላል።

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ቅርፊቱን ግን ለዚህ ለተኛው ጣሉለት፤ ሳያቋርጠኝ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው።