ዘጠና ሰባት ሳንቲም

«ተረት ተረት!»
«የመሠረት!»
ምነው፣ ድምፃችሁ ቁርስ አልበላም እንዴ? እስቲ ደግሞ!
«ተረት ተረት!»
«የመሠረት!»
እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ጊዜ ዝማም የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። አንድ ልቃቂት ፈትላ በአንድ ሳንቲም ትሸጣለች። ድሃ ናት፤ እጇ ግን ቸር ነው። ለገዛት ሁሉ ትንሽ ክር ምራቂ ትጨምርለታለች። ከዚያም የጥጡን ፍሬ ለጉንዳን፣ ቁርጥራጩን ክር ለወፍ፣ ባዘቶውን ለአይጥ ትተውላቸዋለች። «ምራቂያችሁ ነው» ትላቸዋለች። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። «አይ ዝማም! ለአይጥም ምራቂ?»

አንድ ቀን ልጇ ውዲቱ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ቀረች። ለካ ምንጩ ዳር የሚኖረው ጭራቅ ይዟታል!

«አንድ ብር ካልመጣልኝ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እበላታለሁ!» ብሎ ጮኸ። አገሩ ሁሉ ሰማው።

ዝማም ሮጣ ሳንቲም የምታጠራቅምበትን ቅል ገለበጠች። ቆጠረች፣ ቆጠረች። ዘጠና ሰባት! አንድ ብር የሚሆነው መቶ ሳንቲም ነው። ሦስት ጎደላት። ሦስት ሳንቲም ብቻ፣ ልጆች! ቅሏን ታቅፋ እያለቀሰች መንገድ ጀመረች።

ጥቂት እንደሄደች ጉንዳን አገኘቻት።

«እትዬ ዝማም፣ ምን ያስለቅስሻል?»

ነገረቻት። ጉንዳኗ ከጉድጓዷ አንድ ሳንቲም እየገፋች አወጣች። «እንኪ፣ ምራቂሽ ነው።» ዘጠና ስምንት! ወፏ ደግሞ ከጎጆዋ አንድ ጣለችላት። ዘጠና ዘጠኝ! አይጧማ ሳትጠየቅ በአፏ ይዛ መጣች። መቶ ሞላ! ዝማም «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያለች በረረች።

ጭራቁ ግን ቅሉን አይቶ ተቆጣ። «አንድ ነጭ ብር አልኩሽ እንጂ፣ ይህን ቀያይ ኮተት ማን አምጪ አለሽ?»

«ጌታዬ፣ ብሩ አንድ ነው። ይህ መቶ ነው። የቱ ይበዛል?»

ጭራቅ ሆዳም ነውና ዓይኑ ፈጠጠ። «መቶ ይበዛል!»

«እንግዲያው ቆጥረው ይረከቡኝ። አንድ እንኳ ቢጎድል ሁለታችንንም ይብሉን።»

ጭራቁ በአንድ እጁ ውዲቱን እንደያዘ፣ በሌላው መቁጠር ጀመረ። አምስት ላይ ጣቱ አለቀበት።

«ያኛውን እጅዎንስ ቢጨምሩበት?» አለች ዝማም።

ጨመረበታ! ውዲቱ ተፈትልካ እናቷ ጉያ ገባች። እሱ የት አይቷት! «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር… ከአስር በኋላ ማን ነበር?» እንደገና «አንድ» አለ። ለሦስተኛ ጊዜም «አንድ» አለ። ይኸው ዛሬም ምንጩ ዳር ተጎልቶ እየቆጠረ ነው። ሴቶቹ በአጠገቡ ውሃቸውን ቀድተው ይሄዳሉ፤ ቀና ብሎ አያያቸውም።

እናትና ልጅ ሲመለሱ በጉንዳኗ፣ በወፏና በአይጧ ደጃፍ እየቆሙ አመሰገኑ። ዝማም አሁንም ታለቅስ ነበር፤ የደስታ ነው። «ልጄን የመለሱልኝ ሦስቱ ሳንቲሞቻችሁ ናቸው» አለቻቸው።

አያችሁ ልጆቼ? ሳንቲም ሳይሰበሰብ ብር አይሞላም። ትንሹን አትናቁ፤ ትንሽ ለሰጣችሁም ትልቅ ምስጋና ስጡ።

ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በምራቂ አብሱልኝ!